ከምሥራቅ በኩል ያለው ሶሌታ

የባሌ አባት ውሃ መጠጣት እንዳቆሙ ያወቅሁት ከብርጭቋቸው ነው። ጠዋት ሞልቼ አልጋቸው አጠገብ ያስቀመጥሁት ብርጭቆ ማታም እንደሞላ ነበር። «አባ፣ ውሃው አልተስማማዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ጾም ላይ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ጊዜው ጥቅምት ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ጾም መሆኑን፣ የታመመ ሰውም እንደማይገደድበት እኔም አውቃለሁ። ግን ዕድሜ ልካቸውን ኩታበር ገጠር ውስጥ የቀደሱ ቄስ ፊት ቆሜ ስለ ጾም ላስተምር? ጽጌው አለቀ፤ ብርጭቆው ግን አሁንም ሙሉ ነው። «ዛሬስ የምን ጾም ነው፣ አባ?» አልኋቸው፤ መቼም አንደበቴ አያርፍም። «የግሌ ነው» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ነገሩ ጾም አለመሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኚህ ሰው ውሃ የማይጠጡት ሽንት ቤታችንን ፈርተው ነው። ሲገባኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ፤ ብርጭቆውን አንስቼ ወደ ማድ ቤት ሸሸሁ።

ደሴ የመጡት ወድቀው ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ዝናብ ያራሰው ድንጋይ አዳለጣቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት ገባላቸው፤ ሲወጡም ሐኪሙ ሦስት ነገር አዘዘ፦ ከሆስፒታል እንዳይርቁ፣ ዝቅ ብለው እንዳይቀመጡ፣ ኩላሊታቸው ስለደከመ ውሃ በደንብ እንዲጠጡ። ባሌ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፤ በጠዋት ወርዶ ሲመሽ ይወጣል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምንውለው እኔና እሳቸው ነን፤ አንዲት ምራትና አንድ ቄስ።

ሽንት ቤታችን ግቢው ታች፣ የጭቃ ደረጃ ወርደው የሚደርሱበት ነበር። ጉድጓዱ በእንጨት ተረብርቦ ዙሪያው በአሮጌ ቆርቆሮ ተከልሏል። መቀርቀሪያ የለውም፤ ውስጥ ያለ ሰው የእግር ኮቴ ሲሰማ ይስላል፣ ውጭ ያለው ይመለሳል። እንግዳ ሲበዛብኝ ግቢው ሁሉ ጉንፋን የያዘው ይመስለኝ ነበር። እዚያ ቁጢጥ ማለት ደግሞ ዳሌው ብረት ለገባበት ሰው የማይሞከር ነው። ባሌ ማታ ሲመጣ ደግፎ ያወርዳቸዋል፤ ቁጢጥ እንዳይሉም ከብብታቸው ይዞ ይቆማል። እሱ እስኪመጣ ሽንታቸውን ችለው ይቆያሉ። ለመቻል ደግሞ አለመጠጣት ነው።

ገጠር እያሉ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጥዱ ጥግ ብቅ ብለው የሚመለሱ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዕድሜያቸው እዳሪ ሲወጡ ያያቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። አሁን ግን የልጃቸው ሚስት በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ፖፖ መግዛት ነበር። ገዛሁና እሳቸው ሲያንቀላፉ አልጋቸው ሥር ገፋ አደረግሁት። በማግስቱ እንዳስቀመጥሁት አገኘሁት፤ ልዩነቱ ከላዩ ጋዜጣ መልበሱ ብቻ ነው። ደግነቱ አልተጠቀሙበትም! ምራት የአማቷን ፖፖ ይዛ በፊታቸው ስታልፍ ይታያችሁ። እሳቸውም እኔም ሰምተን የማናውቀው ጉድ ነው። በዚያው ቀን ፖፖውን ሽንብራ ላስቀምጥበት ብዬ ወደ ጓዳ ወሰድሁት፤ እስከዛሬም ሽንብራ አላስቀመጥሁበትም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ የሽንታቸውን ውጤት አይቶ ተቆጣ። ባሌን ለብቻው ጠርቶ ኩላሊታቸው እንዲህ ከቀጠለ ብዙ እንደማይቆዩ ነገረው። በታክሲ ስንመለስ አባ መስኮቱን እያዩ «ኩታበር ብመለስ ይሻላል። እዚያ ሜዳው ሰፊ ነው» አሉ። ከሆስፒታል ርቀው ኩታበር ሄዱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔም ባሌም አውቀናል። ሰው በኩላሊት ሞተ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ሰው በይሉኝታ ሊሞት ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔና ባሌ ማድ ቤት ተደብቀን መምከር ያዝን። ባሌ ስሙን እንኳ አይጠራውም፣ «ያ ነገር» ነው የሚለው። «ያን ነገር ቤት ውስጥ ብናስገባውስ?» ይላል። ሰረቅን እንዴ? እላለሁ በሆዴ፤ ግን እኔም የማወራው በሹክሹክታ ነው። ያን ጊዜ ጤና ኤክስቴንሽኗ በየቤቱ እየዞረች ስለ መፀዳጃ ቤት በሙሉ ድምፅ ታስተምር ነበር። እኔ አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለ ንጽሕና ያወራሁ ሴት ነኝ። የራሴ አማት ጉዳይ ሲሆን ግን ምላሴ ተያዘ።

ግንበኛ ጠራን። መጥቶ ግቢውን ቁልቁል አየና ራሱን ነቀነቀ። ቤታችን ዳገት ላይ የተለጠፈ ነው፤ ከሥራችን የጎረቤታችን ቤት አለ። «እታች ጋ ከቆፈርሁ ክረምት ሲመጣ የእናንተ ጉድ የታችኛዋ ጎረቤታችሁ ሳሎን ነው የሚገባው» አለ። ደረቅ ጉድጓድ እንዳንል አፈሩ ውሃ ያመነጫል። የቀረው ከቤቱ ራስጌ፣ ከላይኛው መንገድ ጥግ ያለችው ቁራጭ መሬት ነበረች። መንገዱ በዚያው ዓመት ኮብልስቶን ተነጥፎለት ስለነበር ሽንት ቤት መጣጭ መኪና እዚያ ድረስ ይገባል። ስለዚህ አባ ከተኙበት ክፍል ግድግዳ ተበስቶ በር ይወጣል፣ ከበሩ ወዲያ ትንሽ ሽንት ቤት ይሠራል፣ ከእሱ ወዲያ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ጉድጓዱም በወፍራም ኮንክሪት ይከደናል። ክዳኑን ግንበኛው ሶሌታ ነው የሚለው። ሌላ ምርጫ አልነበረንም፤ ደስም አለን።

መቀመጫውን ልንገዛ ኮምቦልቻ ወረድን። ዝቅ እንዳይሉ ስለታዘዘ ልኩን ማወቅ ነበረብኝ፤ እሳቸው ሳያዩ የሚመቻቸውን ወንበር ቁመት በክር ለክቼ ክሩን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። የሕንፃ መሣሪያ ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ባለሱቁ ድምፁ የመናኸሪያ ተጣሪ ነው። «የቁጢጡ ነው ወይስ የሚቀመጡበት?» ይላል። «የሚቀመጡበት» አልሁ ወደ መሬት እያየሁ። «ለማን ነው? ለሽማግሌ? ቁጭ ብለሽ ሞክሪዋ!» ክሩን አውጥቼ ስለካ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ያየኛል። ባሌ የት እንደገባ አላየሁትም፤ በኋላ ቀለም ቆርቆሮ ጀርባ ቆሞ ዋጋ ሲያነብ አገኘሁት።

ያንን ነጭ መቀመጫ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን ደሴ ገባን። ረዳቱ የሸፈነበትን ጨርቅ ነፋስ ወስዶት ዕቃው ለአገር ሁሉ ተገልጧል። ከመናኸሪያ ወደ ሰፈራችን ኩሊው ተሸክሞት ሲወጣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ከኋላ ከኋላ ሄድሁ፤ ለቀብር የምሄድ እመስል ነበር። የታችኛዋ ጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሙስሊም ናት፤ ከእሷ ጋር ስንቀላለድ ነው የኖርነው። «ወላሂ ዙፋን ገዛሽ! እንኳን አደረሰሽ!» አለችኝ።

ግንበኛው መቀመጫውን በሚተክልበት ቀንም መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና «ፊቱን ወዴት ነው የምታዞረው? ወደ ቂብላ እንዳይሆን፣ በአላህ» አለችው። እነሱ ወደሚሰግዱበት አቅጣጫ ዞሮ መፀዳዳት ነውር ነው። እኔ ሳቅሁ። «የእናንተን ተዪውና፣ የኛ ሃይማኖት ሽንት ቤት ድረስ አይገባም» አልኋት። «አብሽሪ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ሄደች።

አባ ያን ሳምንት ለኩላሊታቸው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ግንባታውን አላዩም። በሩ ሲበሳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ያወረድኋት እኔ ነኝ። አቧራዋን ጠራርጌ በጎን ባለው ግድግዳ ሰቀልኋት። ለምን እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ እንደኖረች አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም። የቄስ ልጅ የሆነው ባሌም ሚስማሩን ሲያቀብለኝ ትዝ አላለውም።

ሲመለሱ ባሌ በሩን ከፍቶ አሳያቸው። ከበርሜል ውሃ በጆግ እየቀዱ ማፍሰስ እንደሆነ ነገራቸው፤ ቧንቧችን ሲፈልግ የሚመጣ ሲፈልግ የሚቀር ነውና። አባ አዩ፣ መረቁን። ከዚያ ዙሪያውን ቃኝተው «ሥዕሏስ?» አሉ። «ይቻት አባ፣ እዚህ አድርገናታል!» አልሁ ኮራ ብዬ። እሷንም በሩንም ተራ በተራ አዩና «መልካም» አሉ። ብርጭቆው ያን ማታም ሙሉ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ የመጋረጃው ጥግ ገለጥ ብሎ አየኋቸው። ተነስተው ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፣ ክራንቻቸውን ተደግፈው ለጸሎት ቆመዋል። ለጸሎት የሚቆም ሰው ደግሞ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ከምሥራቅ በኩል ያለው የሽንት ቤቱ በር ነው። ክው አልሁ። የጎረቤቴ ጥያቄ፣ የእኔ ሳቅ፣ የሥዕሏ ሚስማር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። አንድ ቄስ ቤታችን አስገብተን ሽንት ቤት ፊት አቆምናቸው። አባ ዞረው መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ውጭ ወጡ።

ኩታበር ሊሄዱ ነው ብዬ በባዶ እግሬ ተከተልኋቸው። ግድግዳውን ተደግፈው ቤቱን ዞሩና ወደ ላይኛው መንገድ ጥግ ወጡ። ስደርስ ቆመዋል፤ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ፣ ሽንት ቤቱ ከጀርባቸው፣ የሚያነቡት ዳዊት በእጃቸው። የቆሙት ሶሌታው ላይ ነበር። ክራንቻቸውን ያስደገፉት ደግሞ ከጉድጓዱ ሽታ ይዞ ከጣሪያ በላይ የሚወጣው ቧንቧ ላይ ነው።

እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ። ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። «ማታ በሩን ሳይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እነዚህ ልጆች ምሥራቁን ጭራሽ ረሱት ወይ ብዬ። ለካ ለጸሎቴ ይኼን የመሰለ ንጹሕ መቆሚያ አሠርተሽልኛል። እግሬ እንዳይሰናከል እንኳ አስበሻል። እጅሽ ይባረክ።» በዚያ ዳገት ላይ ሜዳ የሆነ፣ ደረቅና ልስልስ ያለ ቦታ በእርግጥም እሱ ብቻ ነበር። አፌን ከፈትሁ። «አባ፣ እሱ እኮ…» አልሁ። «በይ ነይ፣ ብርድ ነው፣ ልጄ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ተሳለምሁ፤ ሶሌታው ላይ እንደቆምሁ።

ያን ቀን ማታ ብርጭቆው ባዶ ነበር።

አሁን ምን ልበል? ብነግራቸው ይሄዳሉ፤ ዝም ብል በየቀኑ የማፍርበት ነገር አገኘሁ። ማለዳ ማለዳ ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ አባን እዚያ ቆመው ስለሚያያቸው ቀርቦ መስቀል ይሳለማል። «መምሬ፣ እንዴት አደሩ?» እያለ ሶሌታው ላይ ይወጣል። እኔ በመስኮት እያየሁ እሳቀቃለሁ። ቢያንስ በመካከል አንድ ነገር ይኑር ብዬ ሰሌን ገዝቼ አነጠፍሁ፤ እሱም ሌላ ምርቃት አስከተለብኝ። ባሌ «ንገሪያቸው» ይለኛል፤ «አንተ ንገራቸው፣ አባትህ ናቸው» እለዋለሁ፤ ሁለታችንም እንተዋለን። ጎረቤቴ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር እዚያው ነበረች። «ወላሂ ወንጀል ነው፣ አንቺ ሴትዮ!» ትለኛለች ሳቋን በሻሿ አፍና። እየሳቀችም ቢሆን ለማንም አልተናገረችብኝም።

አባ ግን ፊታቸው እየጠራ መጣ። በሁዳዴ እንኳ ማታ ማታ ሲጠጡ አድረው ሐኪሙ «ኩላሊትዎ እኮ ልጅ ሆነ» አላቸው። ስለዚያ በር አንድ ቀን ሳንነጋገር እሳቸው ሲገቡ እኔ ማድ ቤት ዕቃ ማንኳኳት፣ እሳቸው ሲወጡ እኔ ማቆም፣ ይኼው ሆነ ወጋችን። ድስቶቼ በከንቱ የተጎዱበት ዓመት ነው።

ፋሲካ አለፈ። የበልጉ ዝናብ በርትቶ ወደ ጉድጓዱ ሰርጎ ኖሮ የምናፈሰው ውሃ አልወርድ አለ። ባሌ ለመጣጭ መኪና ተመዘገበ፤ ከሰዓት ነው የሚመጣው ተባለ። እኔም በዚያ ሰዓት አባን ጎረቤቴ ዘንድ ወስጄ ላስጫውታቸው ተሰናድቻለሁ። መኪናው ግን በማለዳ መጣ።

ስሰማው ሮጥሁ። አባ ሰሌናቸው ላይ ናቸው፤ ሁለት ሴቶች መስቀል ይሳለማሉ። ሠራተኛው ቱቦውን እየጎተተ ወረደና «አባቴ፣ ከሽንት ቤቱ ላይ ይነሱልኝ፣ ክዳኑን ልክፈተው» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ወደ ኋላ ዘለሉ። አባ የሰሙትን ያመኑ አልመሰሉም፤ እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ወረዱ፣ ክራንቻቸውን ከቧንቧው ላይ አነሱ። ሰውየው ሰሌኑን ጠቅልሎ ወረወረና ክዳኑን በብረት ፈነቀለው። ሽታው ወጣ። ሰፈሩ በየበሩ ብቅ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይባላል፤ ከፊቴ የተከፈተውን ሳየው ግን እሱንም መመኘት አልቻልሁም። አባ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ተመለከቱ፣ አማተቡ፣ ወደ ቤት ገቡ።

መኪናው እስኪሄድ ውጭ ቆየሁ። ስገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። መጽሐፋቸውን በማኅደሩ ከተውት አጠገባቸው አኑረውታል፣ ጋቢያቸው ታጥፏል። ለመንገድ ነው ብዬ አሰብሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ በሩ ሥር ቆምሁ።

«ክዳኑን መልሶ ገጠመው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባ።»

«ሰሌኑን እጠቢውና ወዲህ አስጪው። ከመንገዱ ማዶ ካለችው ዋርካ ሥር ለእግሬ የሚሆን ጥርጊያ ካለ ባልሽ ያሳየኝ።»

«አባ፣ ያኔ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፣ አፍሬ…»

«ብትነግሪኝ ሄጄ ነበር» አሉ። ወደ ብርጭቋቸው አዩ። ጊዜው ሃምሳው ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ አልጠጣም ቢሉ የሚሉት ሰበብ የለም። «እስቲ ውሃ ስጪኝ» አሉኝ።

ብርጭቆውን ትቼ ትልቁን የብረት ኩባያ ሞልቼ ሰጠኋቸው። ሁልጊዜ ሲጠጡ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ያን ቀን ግን እያዩኝ ጨለጡት። ከዚያ ያንን በር በእጃቸው ከፍተው ገቡ። እኔም ማድ ቤት ሄጄ ድስት ላንኳኳ ስነሳ ከውስጥ ድምፃቸው መጣ።

«ተይው፣ ልጄ፣ ድስቱን አትስበሪው። ኩባያውን ሙይልኝ፣ ስወጣ እደግማለሁ።»